ከመለኪያው የተቀዳ ዝናብ

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ የያዘኝ ትኩሳት አንድ ቀን ለቀቅ፣ ሁለት ቀን ጠበቅ እያደረገ ክረምቱን በሙሉ አልጋ ላይ አዋለኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ያለውን ኪኒን ሁሉ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ለአክስቴ «ከዚህ በላይ እኔ ጋ የለም» እንዳላት፣ እሷም አዝላኝ እስከ ቤት ድረስ በእግሯ እንደመጣች፣ ካደግሁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጠርኩትም። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ እዚህ አክስቴ የምላት እሷን ነው።

የምንኖረው ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች የቡና ከተማ፣ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ የጣቢያው ዘበኛ ነው። ከዘበኝነቱ በላይ የሚኮራበት ሌላ ሥራ ነበረው፤ ዝናብ ይለካል። ግቢው መሀል፣ ዛፍም ቤትም በማይጋርደው ቦታ፣ ከአንድ ሰው መኝታ ብዙ የማትበልጥ በሽቦ የታጠረች መሬት ነበረች። በመሀሏ እንጨት ላይ የተቀመጠ የመዳብ ቆርቆሮ አለ። ከላይ አፉ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ክዳን፣ ከውስጥ ዝናቡ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ። አባቴ በየቀኑ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ክዳኑን ያነሳል፣ ጠርሙሱን ያወጣል፣ ውሃውን መስመር በተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ ይገለብጣል። ከዚያ ብርጭቆውን ከዓይኑ ትክክል አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነባል። ቁጥሩን ሁለት ቦታ ይጽፈዋል፤ አንዱን በየወሩ ለጅማ በሚላከው ፎርም፣ አንዱን በራሱ ደብተር። ፎርሙ በፈረንጅ ቀን ነው፤ ደብተሩ ደግሞ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይዟል።

እኔ ቁጥር የተማርኩት ከዚያ ብርጭቆ ነው። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት «አባዬ፣ አሥራ ሁለት ላይ ነው» እያልኩ ከጎኑ እቆም ነበር። አንዳንዴ ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጥርት ብሎም ቢሆን ክዳኑን ሲያነሳ አየዋለሁ።

«አባዬ፣ ትናንት እኮ አልዘነበም። ምን ልታይ ትከፍተዋለህ?»

«አለመዝነቡን ማን ይንገራቸው ታዲያ?» ይለኛል።

ያቺን ሽቦ ማለፍ ለማንም አይፈቀድም። ዶሮ እንኳ ከገባች አባቴ እንደ ሌባ ነበር የሚያሳድዳት። የጣቢያው ኃላፊ አንድ ቀን ውስጥ ገብቶ ፎቶ ሊነሳ ቢል፣ «ጌታዬ፣ ከውጭ ሆነው ቢነሱም ያምርብዎታል» ብሎ እንደመለሰው ሠራተኞቹ እስኪሰለቻቸው ያወሩት ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጸበል ይቆጠራል። ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጡበታል፣ ሴቶች ዕቃ ይደቅኑለታል፣ ጠብ ያለው ሁሉ በረከት ነው። የአክስቴ ችግር ንጹሑን ማግኘቱ ላይ ነበር። ከጣሪያ የሚወርደው የቆርቆሮውን ዝገትና የአሞራውን ኩስ ይዞ ነው። ሜዳ ላይ የተደቀነ ሳፋ ላይ ደግሞ ጭቃ ይረጭበታል፤ ውሻ ቀምሶት እንደሆነስ ማን ያውቃል። «ከሰማይ ወርዶ ምንም ሳይነካው የሚቀመጥ ውሃ በዚህ ግቢ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

የዚያን ዕለት ዝናቡ እንደ ልማዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አባቴ ከሠራተኞቹ ጋር ታች ወንዙ ዳር ነበር፤ የችግኝ መደቦቹን ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ቦይ ይቆፍራሉ። ሊያባራ ካፊያ ብቻ ሲቀረው አክስቴ አዘለችኝ፣ ጃንጥላ ዘረጋች፣ የሽቦውን በር ከፈተች። ዝናብ እንዳይነካት ጃንጥላ ይዛ ዝናብ ልትወስድ መግባቷን ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። ክዳኑን አነሳች። ጠርሙሱ ግማሽ ደርሷል። «ራስሽን ዝቅ አድርጊ» ብላ ከአናቴ ጀምሮ አፈሰሰችው። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። ሩፋኤልን ስትለምን ድምፅዋ ከካፊያው በላይ ይሰማ ነበር፤ ጠርሙሱን ወደ ቦታው ስትመልስ ግን ዓይኗ ወደ ወንዙ ነበር። የወንድሟን ነገር ታውቀዋለቻ።

ቤት ገብተን በፎጣ ስታደርቀኝ፣ «ለአባትሽ ትንፍሽ ብትዪ» አለችኝ፣ «እኔም አላውቅሽም፣ ሩፋኤልም አያውቅሽም።»

መስከረም ሳይጋመስ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ኪኒኑ ይሁን፣ የክረምቱ መውጣት ይሁን፣ እኔ እንጃ። አክስቴ ግን ታውቃለች። በዓመቱ ያው ቀን ደርሶ ጃንጥላዋን ስታነሳ እኔን በዓይኗ ብቻ ጠራችኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሆነ። የኔ ሥራ በሩ ላይ ቆሜ አባቴን መጠበቅ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ጎረቤታችን፣ የመንታዎቹ እናት፣ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ይዘው መጡ።

«ማሎ፣ ለእነዚህም ጠብ አድርጊላቸው» አሉ፤ በኦሮምኛ ሲለማመጡ ነው። «ሳሉ አልለቅ ብሏቸዋል።»

«አንቺ ሙስሊም አይደለሽ እንዴ?» አለቻቸው አክስቴ።

«ዝናቡን የሚልከው አንድ አላህ ነው። በየት በኩል ላከው ብዬ አልጠይቅም።»

አክስቴ የቀረችውን ለሁለቱ አካፈለችላቸው። ጠርሙሱን ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የምንመልሰው። በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት አባቴ ምን እንደሚያገኝ አንዳችንም አውርተንበት አናውቅም። እውነቴን ነው። ልጅነት ነው ብዬ እኔን ልማር፤ እሷ ግን ምን አስባ እንደነበር ዛሬም አልገባኝም።

አሁን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው የምኖረው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ተዳርኩ፤ የቀረውን ትምህርት ሳሙናና ስኳር ከሚጠቀለልባቸው ጋዜጦች፣ ተከራዮቼም ሲመረቁ ጥለውልኝ ከሚሄዱት መጻሕፍት ለቀምኩት። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለተማሪ አከራያለሁ።

ሱቅ ያለው ሰው ስለ ዝናብ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ጅማ ስገባ ወጣት ሆኜ ዝናቡን እንደ ጎረቤት ነበር የማውቀው። ልብስ ጠዋት አጥቤ አሰጣለሁ፣ ስምንት ተኩል ላይ እሰበስባለሁ፣ ዘጠኝ ላይ ይመጣል፣ ሲጨልም ያባራል። አሁን ማለዳ ተነስቼ ሰማዩን ሳየው የማላውቀው ሰው ፊት ይሆንብኛል። በሐምሌ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ይወጣና በስምንተኛው ቀን የወሩን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። አወቱ መንደራ ያለች ጓደኛዬ ቤቷ ውሃ ገብቶ ፍራሿን አጥር ላይ ያሰጣችበትን ቀን አልረሳውም፤ ፍራሹ ሳይደርቅ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ ለጓሮ ጎመኗ ውሃ በጀሪካን ትገዛ ነበር። ገበሬው ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ በጥቅምት ፀሐይ ሲጠብቅ ካፊያ ይመጣበታል። ይሄን ሁሉ ሰዉ ያያል። ተስማምቶ የሚናገር ግን የለም።

«እኛ ጋ ዝናብ የሚባል ነገር ድሮ ቀረ» ይላል ከአሰንዳቦ ጤፍ የሚያመጣልኝ ሾፌር።

«ቀረ? ይሄ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ታዲያ ከየት መጣ?» ይላሉ ጡረተኛው አስተማሪ፣ እግራቸውን አንስተው እያሳዩት። «ዘንድሮ ከአምና ይበልጣል።»

«ፋዘር፣ ዝናቡ እኮ ሙድ ነው ያለው» ይላል ባጃጅ ነጂው። «ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያኮርፍ ይጠፋል።»

አባቴ እንዲህ ያለውን ክርክር ሲሰማ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ሰው የሚያስታውሰው ራሱ የበሰበሰበትን ቀን ነው፣ ሌላውን ቀን ካልጻፈው የለም።

ይሄን ለተከራዬ ነገርኳት። ከወላይታ በኩል የመጣች፣ ረጋ ያለች፣ እሁድ ሙሉ ቀን ከዘማሪዎቹ ጋር የምትውል ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ዝናብ ነው፤ የዕለት የዕለቱ ዝናብ በአገራችን በብዙ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ። የእሷ ድርሻ የጅማ ዙሪያ ጣቢያዎች ናቸው።

«እትዬ፣ በዓመት ስንት ዘነበ የሚለው ብቻ አይበቃም» አለችኝ አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ። «በስንት ቀን ተከፋፍሎ ወረደ? በሁለት ዝናብ መካከል ስንት ቀን ደረቀ? በአንድ ቀን ምን ያህል ወረደ? ድምሩ ያው ሆኖ ቀኖቹ ከተለወጡ ለቡናው ሌላ አገር ነው።»

የምትሠራባቸውን ጣቢያዎች ስትዘረዝርልኝ የአባቴ መጣ። «ይሄማ የኔ አባት ሲያነበው የኖረው ነው!» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። «እውነትዎን ነው? እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ጉድጓድ አለው። ዘበኛው ታሟል፣ ብርጭቆው ተሰብሯል፣ ፎርሙ ጠፍቷል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ያልጎደለው የሳቸው ብቻ ነው።» ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። የሠርጌ ጠዋት ሚዜዎቹ ደጅ እየዘፈኑ አባቴ በአዲሱ ኮቱ ሽቦው ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነብ ታየኝ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ሱቁ መጣች። የአባቴን ጣቢያ ቀኖች በሙሉ በቀለም ደርድራቸዋለች፤ እያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ነው፣ አንዱ ከአንዱ በታች። የዘነበበት ቀን ሰማያዊ፣ ያልዘነበበት ነጭ። የክረምቱ ወራት ላይ ሰማያዊው እንደ ጋቢ ጥቅጥቅ ብሏል። በዚያ መሀል፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ሥር ጀምሮ፣ አንድ ቀጭን ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ይቋረጥና ከዚያ በታች ሰማያዊ ብቻ ነው።

«አዩት እትዬ? በዚህ ቀን ለብዙ ዓመት አይዘንብም ነበር። ከዚህ ዓመት ወዲህ ግን ይዘንባል። ይሄ ለውጥ ነው። ማንም ያላየው ሊሆን ይችላል።» ፊቷ በሙሉ ይስቃል።

«ቀኑ መቼ ነው?»

«ሴፕቴምበር ዘጠኝ።»

«በእኛስ?»

በጣቷ ቆጠረች። «ጳጉሜን አራት። ግን የሚነበበው በጠዋት ስለሆነ ዝናቡ የጳጉሜን ሦስት ነው።»

ስኳር የምሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጥኩ። ክሩ የተቋረጠበትን ዓመት ጠየቅኳት። አክስቴ ወድቃ እግሯ የተሰበረበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ከበረንዳው ወርዳ አታውቅም።

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። ጣሳውን መልሼ አነሳሁ። ለአባቴ ስል ነው ያልተናገርኩት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ለራሴም ነው።

በሳምንቱ ከአስተማሪዋ ዘንድ ስትመለስ ያ ሳቅ የለም። የስኳር ጆንያው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አስተማሪዋ ክሩን አይቶ፣ ዝናብ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር አያሰምርም፣ ይሄ የሰው እጅ ነው ብሏታል። ምክንያቱን ከነማስረጃው ታምጣ፤ ካልሆነ ጣቢያው ከጥናቱ ይወጣል።

«ያ ቀን ብቻ?»

«ሙሉው እትዬ። ሁሉም ዓመት። አንድ ቀን እንዲህ ከሆነ ሌላውን በምን አምናለሁ አለኝ። እውነቱን ነው።» አንገቷን ደፋች። «የቀረኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።»

እዚያው ነገርኳት። ትኩሳቱን፣ ጃንጥላውን፣ ጠርሙሱን፣ መንታዎቹን። መጀመሪያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ አሳፈራት።

«ይቅርታ እትዬ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ የለም። ሩፋኤል መቼ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ያልገባሽ። አስተማሪሽስ?»

«እሱም እንደኔ ነው።»

በፈረንጁ ፎርም ላይ ደግሞ ሩፋኤል የለም፣ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ወረቀቱ በስንት ሰው እጅ ሲያልፍ አንዱም ጠርጥሮ አያውቅም።

የኔ ቃል ግን አይበቃም። አስተማሪዋ የሚፈልገው የለካው ሰው ራሱ እንዲናገር ነው። ስለዚህ ጡረታ ወጥቶ ሰማንያ ላለፈው አባቴ፣ ከዶሮ እንኳ ሲጠብቀው የኖረውን ውሃ እኅቱና ልጁ በየዓመቱ ሲወስዱበት እንደኖሩ መንገር አለብኝ። ካልነገርኩት ደግሞ ያነበባቸው ጠዋቶች በሙሉ እንዳልተነበቡ ይቆጠራሉ።

ቅዳሜ ሁለታችን በሚኒባስ ሄድን። ግንቦት ነበር። ከመንገዱ ዳር ያሉት ቡናዎች አንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ፍሬም አዲስ ነጭ አበባም ይዘዋል። ልጅቷ በመስኮት ፎቶ ስታነሳ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ዝናቡ ቆርጦ ቆርጦ ሲመጣ ቡናውም ግራ ገባው፤ ሦስት ጊዜ ያብባል፣ ሦስት ጊዜ ልቀሙኝ ይላል» አሏት። ያንን ቃል በቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

አባቴ ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበር። አክስቴ ከውስጥ፣ በሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ጋደም ብላለች፤ ጆሮዋ የሚሰማው የፈለገችውን ብቻ ነው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ አባባ» ስትለው አባቴ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«የኔን ጽሑፍ የምታነቢው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ሰባት ቁጥሬና አንድ ቁጥሬ ተመሳስለው አላስቸገሩሽም?»

«መጀመሪያ ላይ አስቸግረውኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።»

ደስ አለው። ከአልጋ ሥር የደብተሮቹን ሳጥን አስወጥቶ አንድ በአንድ ያሳያት ጀመር፤ ይሄኛው ብርጭቆው ተሰንጥቆ በሻማ የደፈንኩበት ዓመት፣ ይሄኛው በረዶ የጣለበት፣ ይሄኛው ሐምሌን ያስጾመን። ልጅቷ እኔን ታየኛለች። እኔ ደግሞ ስለ ጤናው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዶሮዎቹ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ የምጠይቀው አለቀብኝ።

«አባዬ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ። የሩፋኤል ዕለት…»

«ጠርሙሱን ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።

ወደ መደቡ፣ ወደ አክስቴ ዞርኩ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ዝናብ ሲደበድበኝ ውዬ ነው የገባሁት። በማግስቱ ጠርሙሱን ባነሳው ደረቅ ነው። ክዳኑ ዞሮ ተቀምጧል። ጭቃው ላይ የሴት ጫማ ዱካ አለ፤ በአንድ በኩል ጠልቋል፣ ሰው ያዘለች ሴት። ዘበኛ ነኝ እኮ ልጄ።»

ከመደቡ ላይ የአክስቴ ድምፅ መጣ። «ያን ጊዜውኑ አትቆጣኝም ነበር?»

«ልቆጣሽ ነው ወደ ቤት የገባሁት።» አሁን ደብተሩን ዘጋው። «ስገባ ይቺ ልጄ ‹ራበኝ› አለች። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን ራበኝ ብላ አታውቅም። አንቺ ገንፎ ልታገነፊ ስትንደረደሪ ምን ብዬ ልናገርሽ?»

ያን ገንፎ አላስታውሰውም። ራበኝ ማለቴንም አላስታውሰውም። ይህን ሁሉ ዓመት ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያለፈው ግን በዚያች አንዲት ቃል ነው።

ልጅቷ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «አባባ፣ ግን ለምን ዜሮ ጻፉ? ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው። ሳይለካ ለቀረ ቀን ሌላ ምልክት አለው፣ ሰረዝ ይደረግበታል።»

«ሰረዙን አውቀዋለሁ። ሰረዝ ካደረግሽ ጎኑ ላይ ምክንያት ጻፊ ይላል። እኅቴ በመንግሥት ዕቃ ልጄን አጠመቀች ብዬ ልጻፍ? ያንን ዘመን አንቺ አታውቂውም። እኔ ከሥራዬ፣ እሷ ከቤቷ ትነሳ ነበር። ቁጥር እንዳልፈጥር ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ። ጠርሙሱ ባዶ ነው፣ ባዶ ጻፍኩ። ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት እያልኩ ራሴን አባበልኩት። በዓመት አንድ ቀን ዋሸሁ።»

የመጣንበትን ያኔ ነገረችው። አስተማሪዋ ያላትን ሳትቀንስ ሳትጨምር፤ ምክንያቱ ካልመጣ ሁሉም ዓመት ይወጣል። አባቴ ሳጥኑን ያይ ነበር።

«ሁሉም?»

«ሁሉም አባባ።»

«አንዲት ጠርሙስ ውሃ እኮ ናት» አለች አክስቴ። ክርኗ ላይ ተደግፋ ቀና ብላለች። «የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ምን አደረገ? ያንን አስተማሪሽን ወዲህ አምጪልኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ። እሱ ልጅ የለውም?»

«አላገባም» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ምኑ ይገባዋል።»

አባቴ ሳይቀር ሳቀ፤ ግን ብዙ አልቆየም። «ዛሬ ምንም አልሰጥሽም» አላት ልጅቷን። «ዓመቱን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። እኅቴንም የምጠይቃት አለ።» ደብተሮቹን ራሱ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ፤ እንርዳህ ብንለው እንቢ አለ።

ስንመለስ ልጅቷ እስከ ጅማ ድረስ ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ መጣች። እኔ በዚያ ሳምንት ሱቁ ውስጥ ሰው ስለ ዝናብ ሲከራከር አፌን ዘግቼ አዳመጥኩ። ዝናቡ መለወጡን እኔም በዓይኔ አያለሁ፣ ግን የኔ ዓይን የራሴን ልብስና የጓደኛዬን ፍራሽ ነው የሚያስታውሰው። ከዚያ የሚበልጠውን የሚያውቁት እንደ አባቴ ያሉ፣ በየከተማው በየግቢው ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ እኅት አላቸው፣ የታመመ ልጅ አላቸው፣ የሚፈሩት አለቃ አላቸው። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ያየችው ነጭ ክር ዝናብ ያጣ ቀን መስሏት ነበር። ለእኔ ግን ያ ቀን አናቴ ላይ የፈሰሰው ውሃ ነው፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ ተደብቄ እኔ አለሁበት። የአገር ዝናብ እንዴት እንደተለወጠ ልጅቷ ገና እየጻፈችው ስለሆነ እኔ ቀድሜያት አልናገርም። የውሸት ለውጥ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይገባባት ማድረግ ግን የእኛ ቤት ሥራ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ስከፍት አባቴ ደጄ ቆሟል። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣው። ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ አፉን በሲባጎ አስሮታል። ልጅቷን ጠራኋትና ባንኮኒው ላይ ዘርግተን አየናቸው። ነጩ ክር ባለፈበት እያንዳንዱ ዓመት ላይ፣ ጳጉሜን አራት አጠገብ፣ ዜሮውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «እኅቴ የሩፋኤልን ዝናብ ለልጄ ስለቀዳችው ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ አልተለካም» ብሎ ጽፏል፣ ፈርሟልም። እኔ ካገባሁ በኋላ ያሉት ዓመታት ላይ «ለልጄ» የሚለውን «ለጎረቤት ልጆች» አድርጎታል። ሁለት ዓመት ላይ ግን ምንም አልነካም።

«እነዚህስ አባባ?» አለችው።

«እነዚያን ዓመታት በእውነት አልዘነበም። ጠይቄያት ነው። ሄዳ ደረቅ አግኝታ እንደተመለሰች ነግራኛለች።»

ልጅቷ ወደ አስተማሪዋ ዘንድ አብራው ሄደች። እኔ ሱቁን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ የሆነውን ከእሷ ነው የሰማሁት። አስተማሪዋ ደብተሮቹን አገላብጦ አገላብጦ ሲያበቃ ተነስቶ ወንበሩን ለአባቴ ለቀቀለት። ያ ቀን በየዓመቱ እንዳልተለካ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ዜሮዎችና የቀረው ሁሉ ባለበት ይቆያል አለ።

አባቴ ደብተሮቹን አስረክቦ፣ ተመርምረው የሚመለሱበትን ቀን አጽፎ ወጣ። እኔ ዘንድ ምሳ በላ። እንዲያድር ብለምነው አክስቴ ብቻዋን ናት አለኝ። ለእሷ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና አሲዤው በስምንት ሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰ።